ቤቱ ጡረታም ነው፦ ሲንጋፖር ሕዝቧን በመንግሥት ቤት ያሰፈረችበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1961 በሲንጋፖር የዓረፋ በዓል ነበር። ከቀትር በኋላ ቡኪት ሆ ስዊ በሚባለው ሰፈር እሳት ተነሣ። ቤቶቹ በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ፣ ብዙዎቹም በዘንባባ ቅጠል የተከደኑ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ስለነበሩ እሳቱን የሚያቆመው ነገር አልተገኘም። 2,800 ያህል ቤቶች ወደሙ፤ አራት ሰዎች ሞቱ፤ 16,000 ገደማ ነዋሪዎች ሜዳ ላይ ቀሩ።

ደሴቲቱ በወቅቱ ነፃ ሀገር አልነበረችም። ከእንግሊዞች የውስጥ አስተዳደር ሥልጣን ከተቀበለች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። የቤቶች ልማት ቦርድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከተቋቋመ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ቢሆነው ነው። ይህ ለጋ መሥሪያ ቤት ቤት አልባ የሆኑትን ተጎጂዎች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ውኃና መብራት በገባላቸው የፎቅ ቤቶች አሰፈረ። ሕዝቡ መንግሥትን ማመን የጀመረው ያን ጊዜ ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ። ዛሬ ከአምስት ሲንጋፖራውያን አራቱ ያህል የሚኖሩት ቦርዱ በሠራቸው ቤቶች ውስጥ ነው፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የሚኖሩበትን ቤት የገዙ ናቸው።

ስለዚህች ከተማ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ቆራጥ መሪ፣ ታታሪ ሕዝብ፣ ያማሩ ሕንፃዎች። ሦስት ጥያቄዎች ግን ተዘለው ያልፋሉ። መሬቱ ከየት መጣ? ገንዘቡስ የማን ነበር? ገዢውስ የገዛው በትክክል ምንድን ነው? የሲንጋፖር ስኬትም፣ ዛሬ የያዛት ጭንቀትም ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ የሚመነጭ በመሆኑ በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው። (ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ

እንግሊዞች በ1927 የሲንጋፖር ማሻሻያ ትረስት የሚባል አካል አቋቁመው ነበር። ይህ አካል በ32 ዓመት ዕድሜው የሠራው 23,000 ያህል ቤት ብቻ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ በ1960 ከ1.6 ሚሊዮን አልፏል። በመሀል ከተማ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች በጣውላ ተከፋፍለው፣ መስኮት በሌላቸው ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ቤተሰቦች ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ደግሞ እንደ ቡኪት ሆ ስዊ ያሉ ሰፈሮች ያለ ፕላን ተዘርግተዋል።

በ1959 ምርጫ ያሸነፈው የሕዝብ ተግባር ፓርቲ መሪ ሊ ኳን ዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አሮጌው ትረስት ፈረሰ። በምትኩ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 የቤቶች ልማት ቦርድ ተቋቋመ። ሊቀ መንበር የሆኑት ሊም ኪም ሳን የመንግሥት ሠራተኛ አልነበሩም፤ ነጋዴ ነበሩ። የቦርዱንም ሥራ ያለ ደመወዝ ነው የያዙት። የሥራ ዘይቤያቸው ለየት ያለ ነበር፦ ረጅም ጥናት አላዘዙም፤ ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ ጠባብና ርካሽ ይሁኑ፤ ዋናው በፍጥነት ይሠሩ አሉ። የወር ኪራዩ ለባለ አንድ ክፍል 20፣ ለባለ ሁለት 40፣ ለባለ ሦስት ክፍል 60 ዶላር ነበር። ቦርዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 21,000 ያህል ቤት ሠራ፤ የቀድሞው ትረስት በ32 ዓመት ከሠራው ጋር ተቀራራቢ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ50,000 በላይ ሆነ። ሊም ኪም ሳን በ1965 በእስያ ታዋቂ የሆነውን የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት የተሸለሙት በዚሁ ሥራቸው ነው።

ወደ ፎቅ መውጣቱ ለሁሉም ደስታ አልነበረም። የልማት ተነሺ የሆኑ ገበሬዎች ከእንስሶቻቸው መለየት አቅቷቸው አሳማቸውን በደረጃ እየገፉ ለማውጣት ሲታገሉ መታየታቸውን ሊ ኳን ዩ ራሳቸው ኋላ ላይ ተርከዋል። ወጪ ለመቀነስ ሲባል አሳንሰሩ በየፎቁ አይቆምም ነበር፤ ሦስት ወይም አራት ፎቅ እየዘለለ ይቆምና ነዋሪው የቀረውን በደረጃ ይወጣል። ገዢዎቹ ወጣት ሳሉ ይህ ቀላል ነበር። ሲያረጁ ግን ብዙዎቹ ከቤት ለመውጣት ተቸገሩ፤ መንግሥትም ከ2001 ጀምሮ አሳንሰሮቹ በየፎቁ እንዲቆሙ የሚያደርግ ሰፊ የማሻሻያ ሥራ ውስጥ ለመግባት ተገደደ።

መሬቱ

በ1960 ከደሴቲቱ መሬት መንግሥት የያዘው 44 በመቶ ነበር። በ1985 ወደ 76 በመቶ ደረሰ። ዛሬ 90 በመቶ ይጠጋል። በባሕር ላይ አፈር እየተደፋ የተገኘው አዲስ መሬትም የመንግሥት ነው፤ የደሴቲቱ ስፋት ከ580 ካሬ ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ከ730 ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሕግ ነው።

በ1966 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም፣ ለመኖሪያ፣ ለንግድና ለኢንዱስትሪ የሚፈልገውን ማንኛውንም መሬት እንዲወስድ ሥልጣን ሰጠው። ባለ መሬቱ በካሳው መጠን ላይ አቤት ማለት ይችላል፤ መወሰዱን ግን ማስቆም እጅግ ከባድ ነበር። በኋላ የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ካሳው መሬቱ በኖቬምበር 30 ቀን 1973 በነበረው ዋጋ ወይም በሚወሰድበት ቀን ባለው ዋጋ፣ ከሁለቱ ባነሰው እንዲሆን ደነገገ። ይህን ቀን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1980 መሬቱ የተወሰደበት ሰው የሚከፈለው የሰባት ዓመት አሮጌ ዋጋ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ውስጥ ግን የከተማዋ መሬት ዋጋ እጅግ ንሮ ነበር።

የመንግሥት ክርክር ግልጽ ነበር። የመሬቱ ዋጋ የጨመረው ባለቤቱ ስለሠራበት ሳይሆን መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ መንገድ፣ ውኃና ወደብ ስለሠራ ነው፤ ስለዚህ ጭማሪው የሕዝብ ነው። ክርክሩ ፍሬ ነገር አለው። ነገር ግን የሲንጋፖር ርካሽ ቤት ዋጋው በከፊል የተከፈለው መሬታቸውን ከገበያ በታች ባስረከቡ ባለ ርስቶች ኪስ መሆኑ ተሸፋፍኖ ሊያልፍ አይገባም፤ ከእነርሱም መካከል ባለጠጎች ብቻ ሳይሆኑ ቁራሽ መሬት ብቻ የነበራቸው ሰዎችም ነበሩ። ካሳ ሙሉ በሙሉ በገበያ ዋጋ እንዲከፈል የተደነገገው በ2007 ነው፤ የሚፈለገው መሬት አብዛኛው በመንግሥት እጅ ከገባ በኋላ።

መሬት የመንግሥት መሆኑ ብቻውን ግን ቤት አያቆምም። የእኛ ሀገር አንባቢ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ያለውን ስለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሲንጋፖርን የለየው መሬቱን በያዘው እጅ ላይ የተደረገው ቁጥጥር ነው። ይህም በንግግር ሳይሆን በአንድ አሳዛኝ ጉዳይ የተፈተነ ነገር ነው።

ቴህ ቺያንግ ዋን የቦርዱ ዋና አርክቴክት፣ በኋላም ሥራ አስፈጻሚ፣ በመጨረሻም የብሔራዊ ልማት ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ከቤቶቹ ብዙዎቹ የእርሳቸው እጅ አለባቸው። በ1986 የፀረ ሙስና ቢሮው በድምሩ አንድ ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር የሚደርስ ጉቦ ተቀብለዋል በሚል መረመራቸው። አንደኛው ክስ አንድ አልሚ ድርጅት ሊወሰድበት ከታሰበው መሬት ከፊሉን እንዲያስቀር ረድተዋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌላ አልሚ የመንግሥት መሬት እንዲገዛ አግዘዋል የሚል ነበር። ሚኒስትሩ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በዲሴምበር 1986 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ሊ ኳን ዩ ምርመራውን አላስቆሙም፤ ጉዳዩም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። አንድ መንግሥት የሀገሩን መሬት በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ሲይዝ እያንዳንዱ ፊርማ ገንዘብ ይሆናል። ፈተናው ራሱ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ መድረሱና እዚያም መያዙ፣ ከማንኛውም የሕንፃ ቁጥር በላይ የዚህን ሥርዓት ጤንነት የሚያሳይ ይመስለኛል።

ገንዘቡ

እንግሊዞች በ1955 ማዕከላዊ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚባል የግዴታ ቁጠባ ጀምረው ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 5 በመቶ፣ አሠሪው 5 በመቶ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ በሠራተኛው ስም ተቀምጦ በጡረታ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ ያለፈ ዓላማ አልነበረውም።

በ1964 መንግሥት ቤቶቹን ከማከራየት ወደ መሸጥ ዞረ። ባለ ሦስት ክፍል ቤት 6,200 ዶላር ገደማ ነበር። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ገዢ አልጎረፈም፤ ለቅድመ ክፍያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ነበርና። በ1968 የተወሰደው እርምጃ ሁሉን ቀየረ። ሠራተኛው በፕሮቪደንት ፈንድ ያጠራቀመውን ለቅድመ ክፍያም ለወርሃዊ ክፍያም እንዲያውል ተፈቀደለት። መዋጮውም በየጊዜው ከፍ እያለ ሄዶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሠራተኛው 25፣ ከአሠሪው 25፣ በድምሩ የደመወዝ ግማሽ ደረሰ። በ1985 ኢኮኖሚው ስለተቀዛቀዘ በ1986 የአሠሪው ድርሻ ወደ 10 በመቶ ተቆረጠ። ዛሬ ዕድሜው እስከ 55 ለሆነ ሠራተኛ በድምሩ 37 በመቶ ነው፤ 20 ከሠራተኛው፣ 17 ከአሠሪው።

አሠራሩ በአንድ ቤተሰብ ሂሳብ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በወር 4,000 የሲንጋፖር ዶላር ያገኛሉ እንበል። ከእያንዳንዳቸው 800 ዶላር ይቆረጣል፤ አሠሪያቸው 680 ይጨምራል። ከዚህ 1,480 ዶላር ውስጥ 920ው ለቤት ክፍያ ሊውል በሚችለው ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ለሕክምናና ለጡረታ ብቻ ይያዛል። ሁለቱ በአንድ ላይ 1,840 ዶላር በየወሩ ለቤት አላቸው ማለት ነው። ከቦርዱ 300,000 ዶላር በ2.6 በመቶ ወለድ ለ25 ዓመት ቢበደሩ ወርሃዊ ክፍያቸው 1,360 ገደማ ነው። ከእጃቸው አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ቤቱ ይከፈላል። ብድሩ የሚታሰብበት ወለድ ቁጠባው ከሚያገኘው 2.5 በመቶ በአንድ አሥረኛ ነጥብ ብቻ ይበልጣል፤ የግል ባንክ ትርፍ መሀል አልገባም።

መንግሥትም የሚጠቀምበት መንገድ አለ። ያልወጣው የሠራተኞች ቁጠባ የመንግሥት ቦንድ ይገዛል። መንግሥት በዚህ መንገድ ከውጭ ሳይበደር ከገዛ ሕዝቡ ርካሽና የረጅም ጊዜ ገንዘብ አገኘ። ቦርዱ ቤቱን ከገበያ በታች ስለሚሸጥ በየዓመቱ ይከስራል፤ በ2022 የበጀት ዓመት ጉድለቱ ከ5 ቢሊዮን የሲንጋፖር ዶላር በላይ ነበር። ጉድለቱን የሚሸፍነው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ገዢው እንደየገቢው ድጎማ ያገኛል፤ የወር ገቢው ከ14,000 ዶላር የሚበልጥ ቤተሰብ ግን ከቦርዱ አዲስ ቤት መግዛት አይችልም።

የዚህ ሁሉ መቋጠሪያ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ደንብ ነው። ባልና ሚስቱ ቤቱን ሲሸጡ ከፈንዱ የወሰዱትን ገንዘብ፣ ባይወስዱት ኖሮ ያገኝ ከነበረው ወለድ ጋር ወደ ሂሳባቸው መመለስ አለባቸው። ጡረታቸው ግድግዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ መልሰው የሚያገኙት በሽያጭ ነው። ቤቱ ዋጋው ከፍ ካለ ጥሩ ጡረታ ይሆናል። ካልሆነስ? መንግሥት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ተቃራኒ ቃል ገብቷል፦ ለወጣቱ «ቤት በአቅምህ ይሆናል»፣ ለአረጋዊው «ቤትህ ዋጋ አያጣም»። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማክበር ይቻላል፤ ግን ኢኮኖሚው እያደገ፣ ደመወዝ እየጨመረና ቤቱ የተያዘበት የሊዝ ዘመን ገና ረጅም ሆኖ ሳለ ብቻ ነው።

ጎረቤት ማን ይሁን?

ሊ ኳን ዩ ቤት መግዛትን ከሀገር መከላከል ጋር ያያይዙት ነበር። በ1967 የግዴታ ውትድርና ሲታወጅ፣ ቤት ያለው ቤተሰብ ልጁ የሚዋጋለት ነገር አለው የሚል እምነት ነበራቸው። ከዚህም ጀርባ የ1964ቱ ደም መፋሰስ አለ፤ በዚያ ዓመት በቻይናውያንና በማሌዎች መካከል በተነሣ ግጭት ብዙ ሰዎች ሞተው ነበር። አሮጌዎቹ ሰፈሮች በዘር የተለዩ ነበሩ። አዲሶቹ ሕንፃዎች ሰዉን ቀላቀሉት። ዳሩ ግን ነዋሪዎች ቤታቸውን በገበያ እየሸጡ መግዛት ሲጀምሩ እንደገና በየወገናቸው መሰባሰብ ታየ።

በማርች 1989 ኮታ መጣ። በአንድ ሰፈር የቻይናውያን ድርሻ ከ84 በመቶ፣ በአንድ ሕንፃ ከ87 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ለማሌዎች በሰፈር 22፣ በሕንፃ 25 በመቶ ሆነ፤ ለሕንዶችና ለሌሎችም የራሳቸው ገደብ ተቀመጠ። የአንድ ብሔረሰብ ኮታ ከሞላ፣ የሌላ ብሔረሰብ ሻጭ ለዚያ ብሔረሰብ ተወላጅ መሸጥ አይችልም።

በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ አንዱ ሕንፃ ምድር ወለል መውረድ ነው። ቦርዱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የብዙ ሕንፃዎችን ምድር ወለል ያለ ግድግዳ፣ በዓምድ ብቻ ክፍት አድርጎ ተወው። አንድ ቅዳሜ የማሌ ሠርግ ይደገስበታል፤ ድስቱ ይጣዳል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ እንግዳው ይጎርፋል። በሌላ ሳምንት በዚያው ቦታ ቻይናዊው ቤተሰብ ሬሳ አስቀምጦ ለቀናት ለቅሶ ይቀመጣል፤ ዕጣን ይጤሳል፣ ጎረቤቶች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተቀመጡ ያስተዛዝናሉ። ከላይ የሚኖረው ሁሉ፣ ዘሩ ምንም ይሁን፣ ወደ ሥራው ሲሄድ በዚያ ያልፋል። ድንኳን መትከያ ቦታ የሌለው ፎቅ ሠርግና ለቅሶን ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ክፍት ወለል ከዕቅዱ ሁሉ ብልኅ የሆነው ክፍል ነው።

ኮታው ግን ሸክሙ እኩል አይደለም። የቻይናውያን ገደብ በሞላበት ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ማሌ ወይም ሕንድ ቤቱን ሲሸጥ የገዢዎቹ ቁጥር ስለሚያንስ ዋጋውን ለመቀነስ ይገደዳል። ጡረታው ቤቱ ውስጥ ስላለ ደግሞ የሚጎድለው የእርጅናው ገንዘብ ነው። መንግሥት በዚህ ምክንያት መሸጥ ላቃታቸው ሰዎች ቤቱን ራሱ መግዛት እንደሚችል ያስታወቀው በ2022 ነው፤ ከኮታው 33 ዓመት በኋላ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ቤቱ ለምርጫ መሣሪያነት መዋሉ ነው። ከ1988 ሕግ ወዲህ ሰፈሮቹን የሚያስተዳድሩት በየምርጫ ክልሉ እንደራሴዎች የሚመሩ የከተማ ምክር ቤቶች ናቸው። በ1997 ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎህ ቾክ ቶንግ የሕንፃ እድሳት ለገዢው ፓርቲ በተሻለ ሁኔታ ድምፅ ለሰጡ ሰፈሮች ቅድሚያ እንደሚሰጥ በግልጽ ተናገሩ። መንግሥት ባለ መሬት፣ ቤት ሠሪ፣ አበዳሪና አዳሽ በሆነበት ሀገር እንዲህ ያለው ንግግር ክብደቱ ሌላ ነው። መራጩ የሚያመዛዝነው ፖሊሲ ብቻ ሳይሆን የቤቱን ዋጋ ነው።

ሥራ፣ ገበያና ባቡር

ቤቶቹ ለብቻቸው አልተሠሩም። ቶአ ፓዮ፣ ቦርዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያቀደው የመጀመሪያው ከተማ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ገበያና ፋብሪካ አብረው በፕላኑ ተቀምጠውለታል። ቀላል ፋብሪካዎች በመኖሪያው አጠገብ ስለተሠሩ ልጆች ያሏቸው እናቶች ሩቅ ሳይሄዱ ተቀጠሩ፤ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ያገኙት የሰው ኃይል ከዚህ ነው። በየመንገዱ ምግብ ይሸጡ የነበሩ ነጋዴዎች ውኃና ፍሳሽ ወደ ተሠራላቸው የምግብ አዳራሾች ገቡ። የከተማው ባቡርም በኖቬምበር 1987 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው መስመር የተዘረጋው ከዪዮ ቹ ካንግ እስከ ቶአ ፓዮ ነበር፤ ወደ ባንኮቹና ወደ ሆቴሎቹ አይደለም፣ ሰው ወደሚኖርበት ነው።

ቁጥሩ የሳተበት ጊዜ

ቦርዱ ሁልጊዜ በትክክል አልገመተም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤት ፈላጊው ረጅም ወረፋ ይዞ ስለነበር በብዛት ተሠራ። የ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ወረፋው ቀለጠ፤ 31,000 ያህል ቤቶች ገዢ አጥተው ባዶ ቀሩ፤ እነርሱን ሸጦ ለመጨረስም ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ። ከዚያ የተወሰደው ትምህርት በ2001 የተጀመረው አሠራር ነው፦ መጀመሪያ ገዢው ይመዝገብ፣ ዕጣ ይውጣ፣ በቂ ገዢ ሲገኝ ግንባታው ይጀመር። ለቦርዱ ሂሳብ ጥሩ ነበር። ለወጣት ባልና ሚስት ግን ዕጣ ከወጣላቸው በኋላ እንኳ ቁልፍ ለመረከብ ዓመታት መጠበቅ ሆነ።

በዚያው ዘመን ሀገሪቱ በብዛት የውጭ ሰው አስገባች፤ ግንባታው ግን ቀዝቅዞ ቆየ። ዋጋ ናረ። በ2011 ምርጫ ገዢው ፓርቲ 60 በመቶ ድምፅ ብቻ አገኘ፤ ከነፃነት ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። የብሔራዊ ልማት ሚኒስትሩ ማህ ቦው ታን ከካቢኔ ወጡ። የተተኩት ካው ቡን ዋን የአዲስ ቤቶችን ቁጥር በዓመት ወደ 25,000 አሳደጉ። ድምፅ በወረቀት ላይ ብቻ የማይቀርበት ሀገር መሆኑን ለማሳየት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከበሩ ውጭ ያሉ

ቤቱ የተሠራው ለቤተሰብ ነው። ያላገባ ሰው ዕድሜው 35 ካልሞላ በብቸኝነት መግዛት አይችልም፤ ከሞላም የሚያገኘው አዲስ ቤት ባለ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ይህ መከራከሪያ ሊሆን ይችላል።

ሊታለፍ የማይገባው ግን የገንቢዎቹ ነገር ነው። ሕንፃዎቹን የሚያቆሙት በአብዛኛው ከባንግላዴሽና ከሕንድ የመጡ ወንዶች ናቸው። ውላቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ እስከዚያው በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የሠራተኛ ማደሪያዎች፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው በተደራራቢ አልጋ ያድራሉ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ በሽታው የተዛመተው በእነዚህ ማደሪያዎች ነበር። በዓመቱ መጨረሻ መንግሥት ራሱ እንዳስታወቀው ከማደሪያው ነዋሪዎች ግማሽ የሚጠጉት በቫይረሱ ተይዘው ነበር። ስለ ሲንጋፖር ቤት የሚናገር ሁሉ ይህን አብሮ መናገር አለበት። ከተማዋ በ1960 ከሕዝቧ ላይ ያነሣችውን መጨናነቅ፣ ለሚገነቡላት ሰዎች እንደገና ሠርታላቸዋለችና።

ሊዙ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ገዢው የገዛው ምንድን ነው? የ99 ዓመት ሊዝ ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ቤቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ይህ ከመጀመሪያውም በውሉ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን መንግሥት ለአሥርት ዓመታት ሲናገር የኖረው «ባለቤትነት» እና «ሀብት» የሚሉትን ቃላት ነው። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ አንዳንድ አሮጌ ሕንፃዎችን እየመረጠ በጥሩ ካሳ ሲያስነሣና ነዋሪዎቹን ወደ አዲስ ቤት ሲያዛውር፣ ሕዝቡ «የእኔም ተራ ይደርሳል» አለ። አንዳንዱም በዚህ ተስፋ ለአሮጌ ቤት ውድ ዋጋ ከፈለ። በ2012 አንድ የመንግሥት ቤት በአንድ ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ሲሸጥ ጉድ ተባለ፤ በ2024 በዓመቱ ውስጥ ብቻ በዚያ ዋጋና ከዚያ በላይ የተሸጡት ከ1,000 በለጡ።

በማርች 2017 ያን ጊዜ የብሔራዊ ልማት ሚኒስትር የነበሩት፣ ዛሬ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሎረንስ ዎንግ ሕዝቡ ሁሉም አሮጌ ቤት ለካሳ ይመረጣል ብሎ እንዳያስብ አስጠነቀቁ። ከ1995 ወዲህ ለዚያ የተመረጡት ከጠቅላላው 4 በመቶ ብቻ መሆናቸውንም ገለጹ። የአሮጌ ቤቶች ገዢዎች ደነገጡ፤ የሊዝ ዕድሜ በየሰዉ አፍ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ምሳሌው መጣ። በጌይላንግ አካባቢ ሎሮንግ 3 በሚባለው መንገድ 191 የግል ቤቶች ነበሩ። የቦርዱ ቤቶች አልነበሩም፤ በ1960 በ60 ዓመት ሊዝ የተያዙ ናቸው። ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ሊዙ አለቀ። ቤቶቹ ያለ ምንም ካሳ ለመንግሥት ተመለሱ። ውሉ የሚለው ይኸው ስለነበረ ማንም ሕግ ተጣሰ አላለም። የመንግሥት ቤት ያላቸው ሰዎች ግን ዜናውን ያነበቡት የራሳቸውን ዓመት እየቆጠሩ ነው።

መፍትሔ ተብሎ የቀረበው በኦገስት 2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ሲየን ሉንግ ያስታወቁት ነው። ሕንፃው ዕድሜው 70 ዓመት ገደማ ሲደርስ ነዋሪዎቹ በድምፅ ይወስናሉ፦ መንግሥት ቀሪውን የሊዝ ዘመን ገዝቶ ሕንፃውን ያፍርስ፣ ወይስ እነርሱ እስከ 99 ዓመቱ ይኑሩበት? ካሳው እስከ ዛሬ ለተመረጡት ሕንፃዎች ከተከፈለው እንደሚያንስ አብረው ተናግረዋል። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ንግግር ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ እንደሚሆንም ገልጸዋል፤ ምክንያቱም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በችኮላ የተሠሩት ሕንፃዎች ብዙ ስለሆኑ አንድ ላይ ከማርጀታቸው በፊት በየተራ መነሣት አለባቸው። በእነዚያ ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ነዋሪ ድምፅ ሲሰጥ የሚያሰላው የመኝታ ቤቱን ስፋት አይሆንም። ቀሪው ሊዝ 29 ዓመት፣ የእርሱ ዕድሜ ደግሞ ሰባ ከሆነ፣ የሚቀበለው ዋጋ ወደ ፕሮቪደንት ፈንዱ ተመልሶ ቀሪ ዘመኑን ይሸፍን እንደሆነ ነው። የካሳው መጠን በምን ቀመር እንደሚሰላ መንግሥት በቁጥር ባልገለጸበት ሁኔታ፣ የ1966ቱን የመሬት ሕግ የሚያስታውስ ሰው ይህን ጥያቄ አጥብቆ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።